ኤም-አርኤንኤው ወርዷል፣ ፕሮቲኑ ግን አልቀነሰም፤ ኤስአይ-አርኤንኤው አልሠራም ማለት ነው?

ሕዋሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በአንድ የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲን ላይ ነው። ጂኑን በኤስአይ-አርኤንኤ (የአንድን ጂን ኤም-አርኤንኤ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራበትን ቅጂ፣ በሚያስጠፋ አጭር አርኤንኤ) አፍኜ ሴሎቹ ያለ ፕሮቲኑ ምን እንደሚሆኑ ማየት እፈልጋለሁ። የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ በሚራባው የሰው ሴል፣ በሄላ ነው። ሴሎቹ የሳህኑን ወለል 80 በመቶ ያህል ሲሸፍኑ በሊፒድ (በስብ) ትራንስፌክት አደርጋቸዋለሁ፣ ማለትም ኤስአይ-አርኤንኤውን አስገባባቸዋለሁ፤ የኤስአይ-አርኤንኤው መጠን 100 ናኖሞላር ነው። በ48ኛው ሰዓት ግማሹን ለአርኤንኤ፣ ግማሹን ለፕሮቲን እሰበስባለሁ።

የኤም-አርኤንኤው መለኪያ ኪውፒሲአሩ ጥሩ ነው፤ የትኛውንም ጂን የማያነጣጥር ኮንትሮል ከወሰዱት ሴሎች ጋር ሳነጻጽረው ኤም-አርኤንኤው ወደ 25 በመቶ ወርዷል። ፕሮቲኑን በአንቲቦዲ በሚያሳየው ዌስተርን ብሎት ላይ ግን የሁለቱም ባንድ (የፕሮቲኑ መስመር) እኩል ነው። ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ ኮንትሮሉን የወሰዱት ሴሎች ራሳቸው ጭራሽ ካልተነኩት ይልቅ ክብ እየሆኑ ከወለሉ ይለቃሉ። አማካሪዬ ሌላ ቅደም ተከተል ያለው ኤስአይ-አርኤንኤ እንዳዝዝ ነግረውኛል። ከማዘዜ በፊት የሠራችሁበትን ሰዎች ልጠይቅ ብዬ ነው። ምን ላስተካክል?

ባለፒፔቷ፦
እኅቴ፣ ኤስአይ-አርኤንኤሽ ሠርቷል። ከአራት ኤም-አርኤንኤ ሦስቱ ከጠፉ የሚጠበቅበትን አድርጓል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእሱ ሥራ አይደለም። 21 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ ፊደል) ያህል የሚረዝመው ባለ ሁለት ክር ቁራጭ ሴሉ ውስጥ ሲገባ አንደኛው ክር ተመርጦ አርጎኖት 2 የሚባለው ፕሮቲን ውስጥ ይቀመጣል። መሪ ክር የምንለው እሱን ነው። መሪው ክር የሚገጥመውን ኤም-አርኤንኤ ሲያገኝ አርጎኖት 2 በ10ኛውና በ11ኛው ኑክሊዮታይድ መካከል ትይዩ ቦታውን ይቆርጠዋል፤ ቁራጮቹን ሌሎች ኢንዛይሞች ይጨርሷቸዋል። ቀድሞ የተሠራውን ፕሮቲን ግን የሚነካው ነገር የለም። ቧንቧውን ዘግተሻል፤ በርሜሉ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ገና አልጎደለም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብሽ ፕሮቲኑ ሴል ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው። እንደ ሲ-ሚክ ያሉ ግማሽ ዕድሜያቸው (ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ) በደቂቃዎች የሚቆጠር ፕሮቲኖች ኤም-አርኤንኤው በወረደ በሰዓታት ውስጥ ይከተሉታል። የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲኖች ግን ብዙዎቹ ለቀናት የሚቆዩ ናቸው። 48 ሰዓት ለኤም-አርኤንኤ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮቲን ያንሳል። በ48፣ በ72 እና በ96 ሰዓት ሰብስበሽ ጎን ለጎን እዪው።

ባዮኬሚስቱ፦
ባለፒፔቷ ባለችው እስማማለሁ። ነገሩ በቁጥር ሲታይ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የፕሮቲኑ ግማሽ ዕድሜ 48 ሰዓት ነው፣ ሴሎቹ አይከፋፈሉም፣ አዲስ የሚሠራው ፕሮቲን ደግሞ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ወደ 25 በመቶ ወርዷል ብለን እናስብ። በ48ኛው ሰዓት 62 በመቶ ያህሉ አሁንም አለ። በ96ኛው 44 በመቶ። በተግባር ደግሞ አፈናው ከመጀመሪያው ሰዓት ስለማይጀምር ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል።

አሁን 62ን ከ100 በዓይን መለየት ትችያለሽ? ባንዱ በጣም ደምቆ ምስሉ ከጠገበ አትችይም፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ነው የሚሆነው። መፍትሔው ቀላል ነው። እዚያው ጄል ላይ የኮንትሮሉን ናሙና 100፣ 50፣ 25 እና 12.5 በመቶ አድርገሽ በተከታታይ ጫኚ። የ50 በመቶው ባንድ ከ100 በመቶው ጋር እኩል ከታየሽ ችግሩ የምስሉ ነው፤ የምስል ማንሻ ጊዜውን አሳጥሪ ወይም የምትጭኚውን ፕሮቲን ቀንሺ። ይህን ሳያደርጉ «ፕሮቲኑ አልቀነሰም» ማለት አይቻልም። የማደንቃቸው የአፈና ሥራዎች ሁሉ ይህ ደረጃ መሰላል አላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ከጥያቄሽ ውስጥ ዓይኔን ስቦታል፦ 80 በመቶ። ይህ ለፕላዝሚድ (ጂን ለማስገባት ለሚያገለግል ክብ ዲኤንኤ) የሚመከር ነው። ሄላ ሲመቸው በቀን አንድ ጊዜ ያህል ይከፋፈላል፤ በተከፋፈለ ቁጥር ነባሩ ፕሮቲን ለሁለት ይካፈላል። ፕሮቲኑ ጨርሶ ባይፈርስ እንኳ በክፍፍል ብቻ በ48 ሰዓት ወደ 44፣ በ96 ሰዓት ወደ 30 በመቶ ሊወርድ ይችል ነበር። አንቺ ግን ሳህኑ ሊሞላ ሲል ነው የምትጀምሪው። ሴሎቹ ቦታ ስለሌላቸው ክፍፍሉ ይዘገያል፣ ፕሮቲኑም ባለበት ይቆያል። ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሸፍኑ ጀምሪ።

ባለፒፔቷ፦
80 በመቶውን እኔ አላየሁትም ነበር፤ ዋናው እሱ ይመስለኛል።

ስለሚለቁት ሴሎች፦ 100 ናኖሞላር በጣም ብዙ ነው። ለሄላ 10 ናኖሞላር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ አንዳንድ ኤስአይ-አርኤንኤ ከዚያም ባነሰ ይሠራል። 1፣ 5፣ 10 እና 25 ናኖሞላር ሞክሪና ኤም-አርኤንኤውን በደንብ የሚያወርደውን ትንሹን መጠን ያዢ። ሊፒዱንም አብረሽ ቀንሺ፤ ሴል የሚገድለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ይህን ለመለየት ሊፒድ ብቻ የተሰጠው የሳህን ጉድጓድ ይኑርሽ። ሊፒድ ብቻ የወሰዱት ከታመሙ ጥፋቱ የሊፒዱ ነው። እነሱ ደህና ሆነው ኮንትሮል ኤስአይ-አርኤንኤ የወሰዱት ከታመሙ ግን መጠኑን ወይም ኮንትሮሉን ራሱን ጠርጥሪ። ትራንስፌክት በምታደርጊበት ጊዜ ሚዲያው (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ውስጥ አንቲባዮቲክ አይኑር፤ ሊፒዱ የሴሉን ሽፋን ሲከፍተው አንቲባዮቲኩም አብሮ ይገባል። ሊፒዱንና ኤስአይ-አርኤንኤውን የምታቀላቅይበት ሚዲያም ሲረም (የደም ፈሳሽ) የሌለበት ይሁን።

አለካኩን በተመለከተ፣ ክምችትሽ 20 ማይክሮሞላር ከሆነ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ናኖሞላር ለማግኘት የሚያስፈልግሽ 0.5 ማይክሮ ሊትር ብቻ ነው። ያንን ያህል ትንሽ መጠን በፒፔት በትክክል መለካት ከባድ ነው። መጀመሪያ ወደ 2 ማይክሮሞላር አቅጥኚውና 5 ማይክሮ ሊትር ውሰጂ።

ሕዋሴ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 80 በመቶው ከላቦራቶሪያችን የፕላዝሚድ መመሪያ የተወሰደ ነው፤ ለኤስአይ-አርኤንኤ ይለያል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ሁለት ነገር ልጨምር። ኪውፒሲአሩን ምን ያህል ልመነው? አንቲቦዲውስ ችግር ሊኖርበት ይችላል?

ባዮኬሚስቱ፦
ኪውፒሲአሩን በተመለከተ፣ 25 በመቶ ማለት ኮንትሮሉ ላይ ካለው በ2 ዑደት ዘግይቷል ማለት ነው። ያ ልዩነት የሚታመነው ማነጻጸሪያ ጂኑ (መጠኑ አይለወጥም ተብሎ አብሮ የሚለካው) ካልተነቃነቀ ነው። ሴሎችሽ እየታመሙ ስለሆነ ሁለት ማነጻጸሪያ ጂን ተጠቀሚ። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ያልገባበት ናሙናም ይኑር፤ እሱ ላይ ምልክት ከወጣ የቀረ ዲኤንኤ አለ፣ አፈናውም ከእውነቱ አንሶ ይታይሻል።

አንቲቦዲው ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ሌላ ፕሮቲን የሚይዝ ከሆነ ባንዱ በስንት ሰዓትም ብታዪው አይወርድም። በዝቅተኛ ጥግግት ጀምረሽ፣ በ96 ሰዓት፣ በሁለት የተለያዩ ኤስአይ-አርኤንኤዎች ኤም-አርኤንኤው ወርዶ ባንዱ ቅንጣት ካልተነቃነቀ ያኔ አንቲቦዲውን ጠርጥሪ። አማካሪሽ እንዳሉት ሌላ ቅደም ተከተል ማዘዝሽም ትክክል ነው፤ የምታዢው ግን የመጀመሪያው ስላልሠራ አይደለም። በአንድ ኤስአይ-አርኤንኤ ብቻ የተገኘ ውጤት ለማንም ስለማይበቃ ነው።

አዲስ ገቢ፦
በዚሁ ጥያቄ ልግባ። እኔ በዝንብ ኤስ2 ሴል ስሠራ ረጅም ባለ ሁለት ክር አርኤንኤ ራሴ አዘጋጅቼ ሚዲያው ላይ መጨመር ብቻ ነበር፤ ሊፒድም አያስፈልግም፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ሄላ ላይ ያንን ማድረግ አይቻልም?

የትል ተመራማሪ፦
አይቻልም፣ ምክንያቱም መሠረታዊ ነው። የኤስ2 ሴሎች ረጅሙን አርኤንኤ ከሚዲያው ራሳቸው ይወስዱታል፤ ዳይሰር የሚባለው ኢንዛይም ወደ አጫጭር ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል። የአጥቢ እንስሳት ሴል ግን ከ30 ጥንድ በላይ የሚረዝም ባለ ሁለት ክር አርኤንኤ ሲያይ ቫይረስ ገባ ብሎ ነው የሚረዳው። ፒኬአር የሚባለው ኢንዛይም ይነቃል፣ ኢንተርፌሮን የሚባለው የቫይረስ መከላከያ ይመረታል፣ የፕሮቲን ምርት በጠቅላላ ይቆማል። አንድ ጂን አፈንኩ ስትል ሴሉን በሙሉ ታናውጠዋለህ። አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ በሲ. ኤለጋንስ ትል ላይ የደረሱበትን በ1998 ካሳተሙ በኋላ በሰው ሴል ላይ ለመሥራት አስቸጋሪ የነበረው በዚህ ነው። በ2001 የቶማስ ቱሽል ቡድን 21 ኑክሊዮታይድ ብቻ ያለውን ቁራጭ በቀጥታ ሲያስገባ ማንቂያው ሳይነሳ አፈናው ተሳካ። ዛሬ የምናዛቸው ኤስአይ-አርኤንኤዎች ቅርጻቸው እዚያ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በየ3 ፕራይም (በመጨረሻ) ጫፋቸው የሚንጠለጠሉት ሁለት ኑክሊዮታይዶችም ዳይሰር የሚተወውን ጫፍ የሚመስሉ ናቸው። ፋየርና ሜሎ በ2006 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል፤ በ2018 ደግሞ የመጀመሪያው የኤስአይ-አርኤንኤ መድኃኒት ፓቲሲራን ተፈቅዷል። ከትል ወደ ሕሙማን በ20 ዓመት መድረሱ አሁንም ያስደንቀኛል።

ለሕዋሴ የሚጠቅም አንድ ልዩነት ልጨምር። ትል ውስጥ ቁርጥራጮቹን የሚያባዛ የአርኤንኤ ፖሊመሬዝ ስላለ አፈናው ወደ ልጆቹ ሊተላለፍ ይችላል። የሰው ሴል ይህ የለውም። ያስገባሽው ኤስአይ-አርኤንኤ ሴሉ በተከፋፈለ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ በፍጥነት በሚከፋፈል ሴል አፈናው ከ5 እስከ 7 ቀን ቢቆይ ነው። ስለዚህ ከ96 ሰዓት በላይ መሄድ ከፈለግሽ በ3ኛው ቀን ሴሎቹን ለአዲስ ሳህኖች ከፋፍለሽ እንደገና ትራንስፌክት አድርጊ።

አዲስ ገቢ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ታዲያ ለምን በክሪስፐር (ዲኤንኤውን ራሱን በሚቆርጠው ዘዴ) ጂኑን ጨርሶ አታጠፋውም?

የትል ተመራማሪ፦
ጂኑ ለሴሉ ሕይወት የግድ ከሆነ የሚተርፍ ሴል አይኖርም። የሚተርፉትም በሳምንታት ውስጥ ጉድለቱን በሌላ መንገድ ማካካስ የለመዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን እንደ ተቀናቃኝ አላያቸውም፤ ጊዜ ካላት ሁለቱንም ብትሠራ ይበልጥ ታማኝ ይሆናል።

ሕዋሴ፦
የደረስኩበትን ልንገራችሁ። በ40 በመቶ ጥግግት ጀምሬ መጠኑን ወደ 10 ናኖሞላር አወረድኩ። የኮንትሮሉ ሴሎች አሁን ካልተነኩት አይለዩም። በ96 ሰዓት ከደረጃ መሰላሉ ጋር ሳነጻጽረው ፕሮቲኑ በ25 እና በ50 በመቶው መካከል ወርዷል! ሁለተኛውንም ኤስአይ-አርኤንኤ አዝዤ ሞከርኩት፤ ፕሮቲኑን እኩል ያወርዳል። ነገር ግን በመጀመሪያው የሴሎቹ ዕድገት በግልጽ ይዘገያል፣ በሁለተኛው አይዘገይም። አማካሪዬ የዘገየውን ውጤት እንድጽፍ ይፈልጋሉ። የትኛውን ልመን?

ነባር አባል፦
ልጄ፣ ገና አትጻፊው። ሁለቱም ፕሮቲኑን እኩል ካወረዱና ዕድገቱን የሚያዘገየው አንዱ ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መዘግየቱ ከፕሮቲኑ መጥፋት ሳይሆን የመጣው ኤስአይ-አርኤንኤው ሌሎች ጂኖችን በመንካቱ መሆኑ ነው። ከመሪው ክር 2ኛ እስከ 8ኛ ያሉት ኑክሊዮታይዶች ብቻ ከሌላ ኤም-አርኤንኤ ጋር ከገጠሙ፣ በተለይ በ3 ፕራይም ያልተተረጎመው ክፍል (ወደ ፕሮቲን በማይለወጠው ጅራቱ) ላይ፣ ልክ እንደ ማይክሮ-አርኤንኤ (የሴሉ የራሱ አጭር ተቆጣጣሪ) ያንንም ጂን በመጠኑ ያዳክመዋል። 7 ፊደል ብቻ ስለሆነ የሚገጥሙት ኤም-አርኤንኤዎች ብዙ ናቸው። በመረጃ ቋት ሙሉ ቅደም ተከተሉን ፈልገሽ «ሌላ የሚመሳሰል የለም» ብትይም ይህንን አይሸፍነውም።

መለያው እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ኤስአይ-አርኤንኤ እንደገና እዘዢ፣ ግን 9ኛውን፣ 10ኛውንና 11ኛውን ኑክሊዮታይድ በተጓዳኞቻቸው ተክተሽ፤ ሲ911 ኮንትሮል ይባላል። መሃሉ ስለማይገጥም የአንቺን ኤም-አርኤንኤ አይቆርጥም፤ የ2–8ቱ ክፍል ግን እንዳለ ስለሆነ ሌሎቹን ጂኖች እንደ ቀድሞው ይነካል። ኤም-አርኤንኤሽና ፕሮቲንሽ ሳይወርዱ ዕድገቱ አሁንም ከዘገየ መዘግየቱ የፕሮቲንሽ አይደለም።

ሕዋሴ፦
እርስዎ ያሉትን ኮንትሮል ዛሬውኑ አዝዛለሁ። ከሲ911 ጋር ዕድገቱ ካልዘገየስ? ያኔ መጻፍ እችላለሁ?

ነባር አባል፦
ያኔም ፕሮቲኑን መልሰሽ አሳዪ። ኤስአይ-አርኤንኤው የማይቆርጠውን የጂኑን ቅጂ በፕላዝሚድ አስገቢ፤ የሚሠራው ፕሮቲን ያው እንዲሆን አሚኖ አሲዱን ሳትለውጪ በኤስአይ-አርኤንኤው መግጠሚያ ቦታ ላይ ጥቂት ፊደሎችን ትቀይሪያለሽ። ዕድገቱ ከተመለሰ መዘግየቱ ከፕሮቲኑ መጥፋት የመጣ መሆኑን ያለ ጥርጥር መጻፍ ትችያለሽ። አማካሪሽንም በዚህ ታሳምኛቸዋለሽ ብዬ አምናለሁ።

ባለፒፔቷ፦
ከማዘዝሽ በፊት የመጀመሪያው ኤስአይ-አርኤንኤ ጂኑ ላይ የት ቦታ እንደሚገጥም እዪ። የሚገጥመው በ3 ፕራይም ያልተተረጎመው ክፍል ላይ ከሆነ ፊደል መቀየር አያስፈልግሽም፤ ኮድ የሚያደርገውን ክፍል ብቻ የያዘ ፕላዝሚድ በራሱ አይቆረጥም። የምታስገቢው ፕሮቲን መጠንም ከተፈጥሮው ጋር ይቀራረብ። ብርቱ ፕሮሞተር (ጂኑን የሚያስነሳው ክፍል) ፕሮቲኑን በብዙ እጥፍ ካመረተው እሱ ራሱ ዕድገቱን ሊለውጠው ይችላል፤ ይህንንም በዚያው ደረጃ መሰላል መለካት ትችያለሽ።