እናቴ ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ ከሰው ተለየች

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ የቀበሌ ቤት ወጥተን የካ አባዶ 4ኛ ፎቅ ገባን። ሊፍት የለም፣ እናቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ሽንት ቤቱ የራሳችን ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፤ ተመስገን። ግን ድሮ በሯን ስትከፍት ጎረቤት ነበር፣ ቡናው በየተራ ይፈላ ነበር። አሁን ረከቦቱ አቧራ ለብሷል። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ናት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኛ ግራውንድ ካሉ ወጣቶች ጋር ቤት ተቀያየርን። እማዬ በሩ ላይ ጎመን ስትቀነጥስ አላፊ አግዳሚው ሰላም ይላታል። እንቅልፏም ተመለሰ።

መልስ፦ የጋራ መጠቀሚያ ቤቱስ? የተሠራው እኮ በግ እንዲታረድበት፣ እንጀራ እንዲጋገርበት ነው። የእኛ ለሱቅ ተከራይቶ ነበር፤ እናቶች ኮሚቴውን ወጥረው አስመለሱት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አለ።

ጠያቂዋ፦ ግራውንድ ያሉትን ዛሬ ማታ አናግራለሁ። ረከቦቱንም አጠብኩት።