የአባዬ የድሮ የእሳት ጠባሳ እንዴት ካንሰር ሆነ?

የደሴዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። አባዬ 58 ዓመቱ ነው። ልጅ እያለ ምድጃ ውስጥ ወድቆ ቀኝ ባቱ ተቃጥሎ ነበር። ያኔ በቅርብ ሐኪም ቤት ስላልነበረ በቅቤና በቅጠል ነው የዳነው። ጠባሳው የተጨማደደ፣ ነጣ ያለ ነው። የእርሻ ሥራ ሲበዛበት ይሰነጠቅና ይቆስላል፣ ከዚያ ይሽራል። እኛም ለምደነው ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አልሽር አለ። ዳር ዳሩ ወፍሮ ተነሳ፣ ሽታ አመጣ፣ ፋሻ ሲቀየር ይደማል። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ «ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ፣ ዌል ዲፈረንሺዬትድ» ይላል። ካንሰር ነው ተባልን።

ይህን ሁሉ ዘመን ጠባሳ ሆኖ የኖረ ቆዳ እንዴት ካንሰር ይሆናል? ከውጭ የገባበት ነገር ነው ወይስ የራሱ ቆዳ ተለውጦ ነው? አክስቴ «ቅጠሉ ነው የመረዘው» ትላለች። እናቴ ደግሞ ልብሱን ለብቻው ማጠብ ጀምራለች። አባዬ አይቶ ዝም አለ። እኔን ያሳመመኝ ይሄ ነው።

ፓቶሎጂስቱ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ሥራዬ እንዲህ ያለውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ከእናትሽ ልጀምር፦ አይተላለፍም። ልብሳቸውን አብራችሁ እጠቡ፣ ከአንድ ትሪ ብሉ። ይህን ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ካንሰሩ የአባትሽ የራሳቸው ሴል ነው።

የላይኛው ቆዳ የሚያድገው ከሥር ወደ ላይ ነው። በታችኛው ረድፍ ያሉት ሴሎች ይከፈላሉ፣ አዲሶቹ ወደ ላይ ይገፋሉ። እየወጡ ሲሄዱ ጠፍጣፋ ይሆናሉ (ውጤቱ ላይ «ስኩዌመስ ሴል» የተባሉት እነዚህ ናቸው)፣ ኬራቲን በሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ይሞላሉ፣ የሴሉ እምብርት የሆነውን ኒውክሊየሳቸውን ያጣሉ፣ በመጨረሻም ይረግፋሉ። ጉዞው አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። በጤነኛ ቆዳ ስላይድ (ናሙናው በማይክሮስኮፕ እንዲታይ የሚነጠፍበት መስታወት) ላይ ከታች ወይን ጠጅ የሚመስሉ ኒውክሊየሶች ተሰልፈው፣ ከላይ ሮዝ ኬራቲን ተነጥፎ ይታያል። ሁልጊዜም ደስ ይለኛል ሳየው።

ጠባሳው በቆሰለ ቁጥር ግን ዳር ያሉት ሴሎች ክፍተቱን ለመዝጋት ይጣደፋሉ። ሴል ሲከፈል ዲኤንኤውን፣ ማለትም የሚመራበትን የዘር መረጃ፣ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። በዚያ ላይ ነጭ የደም ሴሎች ጀርም ለመግደል የሚያወጡት ኬሚካል የቆዳውንም ዲኤንኤ ይጎዳል። ለጥቂት ሳምንት ከሆነ ምንም አይደል። አሥርት ዓመታት ሲደጋገም ግን ስህተት በስህተት ላይ ይደረባል።

አብዛኛው ስህተት እዚያው ይታረማል። ላልታረመው ደግሞ ፒ53 የሚባል ፕሮቲን አለ። የተጎዳውን ሴል እንዳይከፈል ያስቆመዋል፣ ካልሆነም ራሱን እንዲገድል ያደርገዋል። የፒ53 ጂን ራሱ ከተበላሸ ግን የሚያስቆም የለም። ሴሉ ይከፈላል፣ ልጆቹም ብልሽቱን ይወርሳሉ።

ያኔ ስላይዱ ይለወጣል። ኒውክሊየሱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ቅርፁ ይዛባል። ሰልፉ ይፈርሳል። መከፈል ማቆም የነበረባቸው የላይኞቹ ሴሎች ሲከፈሉ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ሆኖም ወራሪ ካንሰር ላይባል ይችላል። ከላይኛው ቆዳ ሥር ቀጭን ሽፋን አለች፤ አጥር በያት። ሴሎቹ ኢንዛይም የሚባል አሟሚ ፕሮቲን አውጥተው እሷን አሟሙተው ሲሻገሩ ነው ነገሩ የሚከፋው፤ ምክንያቱም ከወዲያ የደምና የሊምፍ ሥር ያገኛሉ። ስላይድ ስይዝ መጀመሪያ የምፈልገው ይቺን መስመር ነው።

«ዌል ዲፈረንሺዬትድ» ማለት ሴሎቹ የቆዳ ጠባያቸውን ገና አልረሱም፣ አሁንም ኬራቲን ይሠራሉ ማለት ነው። ጠባዩን ፈጽሞ ከረሳው ዓይነት ይሻላል። ሆኖም ከጠባሳ የሚነሳው ካንሰር ፀሐይ ከሚያመጣው ይልቅ ወደ ንፍፊት የመዛመት ጠባይ አለውና አትዘግዩ።

አክስትሽንም አትቀየሟቸው። ቅጠል ባልነካው ጠባሳ ላይም ይነሳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ኒኮላ ማርዦለን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1828 ከጠባሳ ስለሚነሳ ቁስል ጽፎ ነበርና እስከ ዛሬ «የማርዦለን ቁስል» ተብሎ በስሙ ይጠራል።

መንገደኛው፦

የቆዳ ካንሰር ከፀሐይ ነው ሲባል እሰማለሁ። ባት ላይ ምን ፀሐይ አለ?

ፓቶሎጂስቱ፦

ፀሐይም ያመጣል። አልትራቫዮሌት ጨረሩ ዲኤንኤውን በቀጥታ ይጎዳል። ነጮችንና አልቢኒዝም ያለባቸውን ወገኖቻችንን በብዛት የሚያጠቃው በዚህ ነው፤ ጨረሩን የሚያስቀር በቂ ሜላኒን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠቁር ቀለም፣ የላቸውም። እንደኛ ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ አሮጌ ጠባሳና የቆየ ቁስል ላይ ይነሳል።

የቁስል ክፍል ነርስ፦

እኔ ፋሻ የምቀይር ሰው ነኝ። የሚጥል በሽታ ኖሮባቸው እሳት ላይ የወደቁ ሰዎች ብዙ ይመጡብናል። ጠባሳ ያለበት ዘመድ ያላችሁ ሁሉ እባካችሁ ስሙኝ። ሦስት ወር አልሽር ያለ ቁስል፣ ዳሩ የተነሳ፣ በቀላሉ የሚደማ፣ ሽታው የተለወጠ ከሆነ ቅባት እየቀያየራችሁ አትጠብቁ። ናሙና ይወሰድለት፣ ያውም ከዳሩና ከአንድ በላይ ቦታ። ትልቅ ቃጠሎም በጊዜው ቆዳ ተነቅሎ ቢለጠፍበት ይሄ ነገር እምብዛም አይመጣም። ሕፃን ሲቃጠል ቤት አታስቀምጡ።

የደሴዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት፤ አለቀሰች። አሁን የምፈራው አንድ ነገር ነው። «ይቆረጣል» ያሉን ቁስሉን ነው ወይስ እግሩን?

ፓቶሎጂስቱ፦

ወረቀቱ ብቻውን ይህን አይነግረንም። አጥንት ካልነካ ብዙ ጊዜ ካንሰሩ በዙሪያው ካለ ጤነኛ ሥጋ ጋር ይወጣና ከጭን ቆዳ ተወስዶ ይለጠፍበታል። አጥንት ውስጥ ከገባ እግር መቁረጥ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙን «አጥንቱ በራጅ ታይቷል ወይ? የብሽሽቱ ንፍፊት ተዳስሷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከቀዶው በኋላ ደግሞ የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ መላኩን አረጋግጪ፤ ጠርዙ ንጹሕ ነው የሚል ውጤት በእጅሽ እስኪገባ ድረስ ፋይሉን አትዝጉ።