በቁጥቋጦ የተዋጡ የቀደምት ሰፋሪዎች መቃብሮች፦ ከየት ይጀመራል?

ሰርዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እርሻ መሀል የቀረ፣ የአንድ ሰፋሪ ቤተሰብ መካነ መቃብር አለ። የእብነ በረድ ድንጋዮቹ ግማሾቹ ዘመዋል፤ ጽሑፋቸውን የድንጋይ ሽበት (ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ቅርፊት መሰል ነገር) ሸፍኖታል። የባለ መሬቱ ፈቃድ ተገኝቷል። ለጽዳቱ በረኪናና የሽቦ ብሩሽ፣ ለማቃናቱ ሲሚንቶ ይሆናል ተብለናል። ልክ ነው?

ቱምቢ፦
በረኪናውንም የሽቦ ብሩሹንም ተዉት። በረኪና ድንጋዩ ውስጥ ጨው ያስቀራል፤ ጨዉ ውሃው ሲደርቅ እየጠጠረ ገጹን ልጦ ይጥለዋል። ያጠቡት ዕለት ነጭ ስለሚሆን ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። የሽቦ ብሩሽ ፊደሉን ይፍቃል፣ ኮምጣጤ እብነ በረድን ያሟሟል፣ በግፊት የሚረጭ ውሃም አይሆንም።

መጀመሪያ ገጹን በጣት ዳሰስ አድርጉት። እንደ ስኳር የሚረግፍ ከሆነ፣ ወይም ቀስ ብላችሁ ስታንኳኩት የባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ፎቶ አንስታችሁ ለባለሙያ ተዉት። ጤነኛ ከሆነ ንጹህ ውሃና ለስላሳ የናይለን ብሩሽ ይበቃዋል። በደንብ አርሱት፤ ሽበቱ ሲለሰልስ በእንጨት ስንጣሪ አንሡና ከታች ወደ ላይ እሹ። ከላይ ከጀመራችሁ ቆሻሻው በደረቁ ገጽ ላይ ወርዶ መስመር ይተዋል። ውርጭ በሚጥልበት ወቅት አትሞክሩት፤ የሰረገው ውሃ በረዶ ሲሆን ድንጋዩን ይሰነጥቃል።

ኖራ በአሸዋ፦
ሲሚንቶ ከእብነ በረዱ ይበረታል፣ እርጥበትም አፍኖ ይይዛል። ስለዚህ የሚሰበረው ድንጋዩ ነው፤ ያውም ከሲሚንቶው አፍ ላይ። በቀጥታ መሬት ውስጥ የተተከለውን ጎኑን ቆፍራችሁ አቃኑት፤ ጠጠርና አሸዋ ቀላቅላችሁ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት። ውሃ ልኩን ከፊትም ከጎንም ያዙበት። መቀመጫ ድንጋይ ላይ የቆመ ከሆነ ማያያዣው 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ ነው።

ክብደቱን አትናቁ። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ እብነ በረድ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ስንጥቅ ያለበትን ጨርሶ እንዳትነኩት።

ሰርዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፍ የሌላቸው ተራ ድንጋዮችም ተበታትነዋል። አንድ ቦታ እንከምራቸው?

አጥር፦
በፍጹም! ራስጌና ግርጌ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሰለፉና በመሀላቸው መሬቱ ጎድጎድ ካለ፣ መቃብር ነው ብላችሁ ያዙት። በራስጌውና በግርጌው መካከል ያለው ርቀት አጭር ከሆነ የሕፃን ሊሆን ይችላል። አንዴ ከተነሡ ግን ቦታቸውን የሚያውቅ የለም።

እንዲያውም ከጽዳቱ በፊት ካርታ ሥሩ። ለእያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ስጡ፣ ከሁለት ቋሚ ነጥቦች ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፣ ፎቶ አንሡ። የደበዘዘ ጽሑፍ ላይ ጠመኔ አትቀቡ፤ የፀሐይን ብርሃን በትልቅ መስተዋት ከጎን ብታሳርፉበት ፊደሉ ጥላ ጥሎ ይነበባል።

ቁጥቋጦውን ከመሬት እኩል ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት፤ ሥሩ ድንጋዩንም ከሥር ያለውንም ይዞ ይወጣል። አረም ማጥፊያም ጨው ስላለው አይረጭ። ከብት የሚሰማራበት ከሆነ ደግሞ አጥሩ ይቅደም፤ ላም እየታከከች ትጥለዋለች።