ስፒኖዛ ለዛሬው የመናገር ነፃነት ክርክር ይጠቅማል?

ነገረ ፈጅ፦ የመናገር ነፃነት በተነሳ ቁጥር የ17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ፈላስፋ ስፒኖዛን የሚጠቅስ አይጠፋም። እኔ ጊዜው አልፎበታል ባይ ነኝ። የሰውዬው ሙግት የቆመው አቅም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1670 ስሙን ደብቆ ባሳተመው የሥነ መለኮትና የፖለቲካ ድርሳኑ፣ ሰው ቢፈልግ እንኳ የማሰብ ችሎታውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይችልም፤ ስለዚህ ሐሳብን በአዋጅ ልግዛ የሚል መንግሥት ራሱን ይጎዳል ይላል። ያኔ እሺ። ዛሬ ግን በምን እንደምትናደድ የሚያውቅ፣ የምታየውንም የሚመርጥልህ አልጎሪዝም የሚባል የኮምፒውተር ቀመር አለ። “አይቻልም” የሚለው ከወደቀ ሙግቱም አብሮ ወደቀ።

ቀለም፦ ወንድሜ፣ ከድርሳኑ ምዕራፍ 20ን ብቻ ይዘህ ነው የፈረድከው። ምዕራፍ 17 ላይ ራሱ ልብ እንደ ምላስ ባይታዘዝም ከገዢው እጅ ጨርሶ እንደማያመልጥ፣ ከሁሉ የበረታውም ገዢ በተገዢዎቹ ልብ ላይ የነገሠው እንደሆነ ጽፏል። በመቅድሙ ደግሞ ሰዎች ተታለው ለባርነታቸው ልክ ለድኅነታቸው እንደሚዋጉ ሆነው እንዲዋጉ ማድረግ የንጉሣዊ አገዛዝ ትልቁ ምስጢር ነው ይላል። አልጎሪዝሙ ብዙም አይገርመውም ነበር።

ነገረ ፈጅ፦ ታዲያ ለእኔ መሰከርክ እኮ! መብት እስከ አቅም ድረስ ነው፣ ትልቅ ዓሣም ትንሹን የሚውጠው በተፈጥሮ መብቱ ነው ያለ ሰው፣ አፈናው የተሳካለትን ገዢ በምን አፉ ይወቅሳል?

የድሮ ተማሪ፦ ነገሩ ያለው “የተሳካለት” የምትለዋ ላይ ነው። በ1677 ሳይጨርሰው በሞተው የፖለቲካ ድርሳኑ፣ ሰዎቹ እንደ በግ እየተነዱ ዝም ስላሉ ብቻ ሰላም የሆነ አገር ከአገር ይልቅ ምድረ በዳ ቢባል ይሻላል ብሏል። ግብረ ገብ እየሰበከ አይደለም። በእሱ ስሌት የመንግሥት አቅም የብዙኃኑ አቅም ነው። ሕዝቡን ያደነዘዘ የገዛ ጉልበቱን ይቆርጣል።

ዝምተኛው፦ ብዙኃን ስትሉ 1672ን አትርሱ። ኔዘርላንድ፣ ሄግ ላይ ፖለቲከኞቹን የዴ ዊት ወንድማማቾች ገድሎ አስከሬናቸውን የቆራረጠው ንጉሥ አይደለም፣ ሕዝብ ነው። ስፒኖዛ አረመኔነታቸውን የሚያወግዝ ጽሑፍ እቦታው ሊለጥፍ ሲነሳ አከራዩ በር ቆልፎ አስቀረው፤ ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ ከራሱ ከስፒኖዛ አፍ ሰማሁ ብሎ ነው የጻፈው። እነ ጣሊያናዊው ፈላስፋ አንቶኒዮ ኔግሪ ብዙኃኑን ተስፋ ሲያደርጉት፣ ሰውዬው ምን ያህል ይፈራው እንደነበር ቸል ያሉት ይመስለኛል።

ቀለም፦ እየፈራውም ዴሞክራሲን መረጠ። ለእኔ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ሕዝብን መልአክ ሳያደርግ ስለ ሕዝብ መንግሥት የሚከራከር ስንት አለ?

ሰብለ፦ የማን ዴሞክራሲ? ያ ሳይጨርሰው የሞተው ድርሳን የሚቋረጠው ሴቶችን ከሥልጣን ባገለለበት ቦታ ነው። ማስረጃውስ? ሴቶች ከወንድ እኩል የሚገዙበት አገር የለም፣ ስለዚህ በተፈጥሯቸው እኩል አይደሉም። የተሸነፈን ሁሉ አቅም የለውም ብሎ መመዝገብ ማለት ይኼ ነው። ችግሩ የዘመኑ ብቻ ነው እንዳትሉኝ፤ መብትን ከአቅም የሚለካው ዘዴው ራሱ ነው እዚያ ያደረሰው።

የድሮ ተማሪ፦ እውነትሽን ነው፣ እዚህ ላይ አልከላከልለትም። ግን ያው ዘዴ ዛሬ ያለውን እውነታ ቢያይ ፍርዱን ይገለብጥበታል።

ነገረ ፈጅ፦ የእኔን ጥያቄ ግን ዘላችሁት ሄዳችሁ። አፋኝ መንግሥት የገዛ አቅሙን ያዳክማል አላችሁ፣ ልቀበል። አልጎሪዝሙ የኩባንያ ሲሆንስ? ሕዝቡ ቢደነዝዝ ኩባንያው ምን ይጎድልበታል?