የጃፓን የጦርነት የእንጨት ህትመቶች፦ የጊዜውን ከኋለኛ ቅጂ መለየት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1894 እና በ1895 ከቻይና ጋር ያደረገችውን ጦርነት የሚያሳዩ፣ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎችን ማሰባሰብ ጀምሬአለሁ። በተለይ ሠዓሊው ኮባያሺ ኪዮቺካ የሌሊቱን ጨለማ ከፍንዳታው ብርሃን ጋር ያዋሐደበት ጥበብ እጅግ ይማርከኛል። በጊዜው የታተመውን ከኋለኛ ቅጂ በምን ልለየው?

መልስ 1፦ ከሁሉ በፊት የወረቀቱን ጀርባ ይመልከቱ። ወረቀቱ ቀለም በተቀባው እንጨት ላይ ተነጥፎ በእጅ ስለሚታሽ፣ ቀለሙ ወደ ቃጫው ዘልቆ በጀርባው ይታያል፤ በማሽን የተባዛው ግን በማጉያ መነጽር ሲታይ ብዙውን ጊዜ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉት። ይሁንና በአዲስ እንጨት ዳግም የተቀረጸ ቅጂ ይህን ፈተና ስለሚያልፍ፣ እያንዳንዱን መስመር በሙዚየም ከሚገኝ ህትመት ጋር ማነጻጸር ግድ ነው።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ። አብዛኞቹ ጎን ለጎን የሚገጠሙ ሦስት ወረቀቶች ስለሆኑ አንዱ የጎደለውን ወይም ጠርዙ የተቆረጠውን በሙሉ ዋጋ አይግዙ። ቀለማቸውም በብርሃን ስለሚደበዝዝ ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ ያርቋቸው።

መልስ 3፦ ሠዓሊዎቹ በአብዛኛው ግንባር ሳይደርሱ ከጋዜጣ ዘገባ በመነሣት የሠሩት ስለሆነ፣ ቻይናውያኑን አዋርዶ የሚያሳየውን ሥዕል እንደ ታሪክ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ዘመኑ ፕሮፓጋንዳ አድርገው ቢመዘግቡት ለስብስብዎ ትልቅ ዋጋ ይጨምራል ብዬ አምናለሁ።