የካንዲንስኪ «ሰማያዊው ፈረሰኛ» ብቸኛ ነው?

ጥያቄ፦

ሩሲያዊው ሠዓሊ ቫሲሊ ካንዲንስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ስለሣለው «ሰማያዊው ፈረሰኛ» ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ እጠይቃለሁ። ሰማያዊ ካባ የደረበ ሰው በነጭ ፈረስ ድንጋያማውን መስክ አቋርጦ ሽምጥ ይጋልባል፤ ከበስተጀርባው ግንዳቸው የነጣ፣ ቅጠላቸው የወየበ ዛፎች ይታያሉ። ሰውየው ከመስኩ ስፋት አንጻር ትንሽ በመሆኑ ሥዕሉን የብቸኝነት መግለጫ አድርጌ ተረድቼው ነበር። ይሁን እንጂ ፈረሰኛው ሕፃን ታቅፏል የሚሉ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁራን መኖራቸውን አነበብኩ። ሕፃን ካለ የብቸኝነቱ ትርጓሜ ይፈርሳል ማለት ነው? ከሥዕሉ ብቻ ተነሥቶስ ይህን መወሰን ይቻላል?

መልስ 1፦

እንደ እኔ አስተያየት መወሰን አይቻልም፤ ባይቻልም ሥዕሉ አይጎድልበትም። ወደ ካባው ጠጋ ብለው ቢመለከቱ፣ ሕፃን የተባለው ቅርጽ ጥቂት የብሩሽ ጭረት ብቻ ሆኖ ያገኙታል፤ የካባው ጥላ ነው ቢባልም ያስኬዳል። ሠዓሊው የፈረሰኛውን ፊት ለይቶ አላሳየንም፤ ሰውየውን የሠራው ሣሩንና ድንጋዩን በሠራበት በዚያው አጭርና ወፍራም የቀለም ንክር ነው። ካንዲንስኪ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ትዝታው፣ ሞስኮ ውስጥ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የክሎድ ሞኔን የድርቆሽ ክምር ሥዕል ሲያይ ምን እንደተሣለ ከካታሎጉ ካልሆነ በቀር ለመለየት እንደተሳነው፣ በዚህም መጀመሪያ ቅር እንደተሰኘ፣ ሥዕሉ ግን ከአእምሮው አልጠፋ እንዳለው ይተርካል። ይህን ያየ ሰው የራሱን ፈረሰኛ ሳይለይ ቢተወው ቸልተኝነት ነው ብዬ አልቀበልም።

መልስ 2፦

ሕፃኑን በዚህ ፍጥነት ባናሰናብተው እመርጣለሁ። ካንዲንስኪ በእነዚያ ዓመታት ከእንጨት ቅርጽ በሚያትማቸው ሥዕሎች የጥንት ባላባቶችንና የተረት ዓለምን ደጋግሞ ያቀርብ ስለነበር፣ ተመልካቹ ከፈረሰኛው ጀርባ ታሪክ መፈለጉ ያለ ምክንያት አይደለም።

የብቸኝነቱን ትርጓሜ የማልቀበለው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሽ ከ1808 እስከ 1810 የሣለውን «በባሕር ዳር ያለ መነኩሴ» ያስታውሱ። እዚያ ሰውየው ቆሟል፤ ጀርባውን ሰጥቶን ባሕሩንና ሰማዩን ያያል፤ እኛም በእርሱ ቦታ ቆመን የራሳችንን ማነስ እንድናስብ ተጋብዘናል። የካንዲንስኪ ፈረሰኛ ግን መልክዓ ምድሩን ሊያሰላስል አልቆመም፤ እየሰነጠቀው ያልፋል። የሰው ምስል ማነሱ ብቻውን ብቸኝነትን አያስረዳም፤ ትንሽ ሆኖ የቆመና ትንሽ ሆኖ የሚጋልብ ሰው ስሜታቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ጠያቂው፦

የመቆምና የመጋለቡ ልዩነት አሳምኖኛል። ሰማያዊ ቀለም ለካንዲንስኪ መንፈሳዊ ትርጉም እንደነበረውስ በማስረጃነት ልጠቅስ እችላለሁ?

መልስ 3፦

ሊጠቅሱ ይችላሉ፤ የጊዜውን ቅደም ተከተል ግን ይጠብቁ። ሰማያዊን የሰማይ ቀለም ብሎ የጠራበት መጽሐፉ የወጣው በ1911 መጨረሻ ነው። ከጀርመናዊው ሠዓሊ ፍራንዝ ማርክ ጋር ሆኖ «ሰማያዊው ፈረሰኛ» የሚለውን ስም ለሠዓሊያን ቡድናቸው የሰጠውም በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ኋላ በ1930 ስለ ስያሜው ሲጽፍ ሁለቱም ሰማያዊን ይወዱ እንደነበር፣ ማርክ ፈረሶችን እርሱ ደግሞ ፈረሰኞችን ይወዱ እንደነበር ገልጿል። ከስምንት ዓመት በኋላ የመጣን ንድፈ ሐሳብ ለ1903ቱ ሥዕል መፍቻ ቁልፍ ማድረግ ያስቸግራል።

ሸራው ራሱ የሚሰጥዎት ማስረጃ ይበልጥ የጠነከረ ነው። ከፊት ለፊት፣ በሣሩ ላይ፣ ቅርጻቸው በውል የማይለይ ሰማያዊ ጥላዎች ተዘርግተዋል። የካባው ሰማያዊ ከእነርሱ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ፣ ዐይናችን ከጥላው ወደ ፈረሰኛው፣ ከፈረሰኛው ተመልሶ ወደ ጥላው ይመላለሳል። ሰውየው ከመልክዓ ምድሩ የተነጠለ እንግዳ ሳይሆን ከቀለሙ የተገኘ አካል ነው ብለው ቢጽፉ፣ ሕፃን ኖረም አልኖረ አንባቢ ሸራው ላይ አይቶ ሊያረጋግጥልዎ ይችላል።