የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለሁለት ሌሊት ይዘን ልንወጣ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ (የተማሪዎች አማካሪ፣ አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። በሁለቱ መንፈቅ ዓመቶች መካከል ባለው ዕረፍት 46 ተማሪዎችን ቢሾፍቱ ወስደን ሁለት ሌሊት ልናሳድር ነው። ስሙ «የጥሞና ጉዞ» ተብሏል። ልጆቹ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከአሁኑ እየፈሩ እንቅልፍ አጥተዋል። በትምህርት ሰዓት ድንገት የምታለቅስ አለች፤ ምሳውን ሳይነካ የሚመልስም አለ። ርእሰ መምህሩ ግን መርሐ ግብሩን ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በሥልጠና ሞልተው ሰጡኝ፤ ሦስት አነቃቂ ተናጋሪዎች ተጋብዘዋል። አሥራ አንድ ወላጆች ደግሞ፣ አብዛኞቹ የሴት ልጆች፣ «ውጭ አታድርም» ብለዋል። እንዲህ ያለ ጉዞ የመራችሁ ካላችሁ ምክራችሁን እሻለሁ።

የባዮሎጂ መምህር
ከተናጋሪዎቹ ይጀምሩ፤ ይቀንሷቸው። እኛ ወንጪ የሄድን ጊዜ ንግግር ሊያደርግ የተጋበዘው ሰው መኪናው ተበላሽቶበት ቀረ። ምን እናድርጋቸው ብለን ስንጨነቅ ልጆቹ ምሳ በልተው ሣሩ ላይ ጋደም አሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እስከ 11 ሰዓት አልነቁም። እኛ አፈርን፤ እነርሱ ግን ማታ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ ሰውነታቸውም አምሽቶ መተኛትና አርፍዶ መነሣት ይወዳል። በ12 ሰዓት መቀስቀስ የመጡበትን ጉዳይ ማፍረስ ነው።

ሌላው ውኃው ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ዳርቻቸው እንደ ላንጋኖ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ጥቂት ርምጃ ገብተው እግር መሬት ያጣል። ዋና ጨርሶ ይከልከል። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው ያጣምሯቸው፤ አንዱ የሌላውን መኖር ይመስክር። ስልካቸውንም አውቶቡስ ላይ ይሰብስቡ።

የሁለት ልጆች እናት
መምህር፣ ስልኩ ላይ አልስማማም። ማታ የልጄን ድምፅ ካልሰማሁ የማልተኛው እኔ ነኝ! ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ይሰጣቸውና ከዚያ ይሰብሰብ።

እህቴ፣ ስሙን ብትቀይሪው? «ጥሞና» ሲባል ብዙ ወላጅ የሚያስበው የእምነት ጉባኤ ነው። የእኔ ባለቤት የመጀመሪያ ጥያቄው «የየትኛው ቤተ እምነት ነው?» የሚል ነበር። «የዕረፍት ጉዞ» በሉት። ቀኑም ከእሑድ ከሰዓት በኋላ እስከ ማክሰኞ ቢሆን ቅዳሴም ጁምዓም አያመልጥም፤ ረቡዕና ዓርብንም ስለማይነካ ስለ ጾም ምግብ አትጨነቂም። ወደ የካቲት ከተገፋ ግን ዋ! በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት። ሥጋውንም ከማን እንደምትገዙ አስቀድማችሁ ለሙስሊም ወላጆች ንገሯቸው።

እንቢ ያሉትን በደብዳቤ አታሳምኛቸውም፤ ጥሪያቸው። ሴቶቹ በየትኛው ሕንፃ እንደሚያድሩ፣ ስንት መምህርት አብራ እንደምታድር፣ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን በቃልሽ ንገሪያቸው። ወላጅ የሚፈራው ቢሾፍቱን አይደለም፤ ሌሊቱን ነው።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ
የምታለቅሰውን ልጅና ምሳውን የማይበላውን ለጉዞው አያቆዩአቸው፤ በዚህ ሳምንት ለየብቻ ያነጋግሯቸው። ከወላጆቻቸውም ጋር ተነጋግረው ወደ ሐኪም መሄድ ካለባቸው ይሂዱ። ሁለት ቀን አየር መለወጥ ሕክምናን አይተካም።

ከሁሉ የምፈራው ልጆችን ክብ አስቀምጦ «የሚያስጨንቃችሁን ተናገሩ» ማለትን ነው። አንዷ የቤቷን ጉድ ታወጣለች፤ ሰኞ ክፍል ስትገባ ሁሉም ያውቀዋል። መናገር የፈለገ ከእርስዎ ጋር እየተራመደ ይናገር። ምሥጢር እንደሚጠብቁ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለወላጅ እንደሚነግሩ አስቀድመው ያሳውቁ። «መሞት እፈልጋለሁ» ያለ ካለ ተግሣጽም ስብከትም አያስፈልገውም፤ ብቻውን አይተውት፤ ወላጅ ይጠራ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። የአስምና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱትን ከወላጅ ጠይቀው ይመዝግቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ
ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በተዛወረበት በጥቅምት 2015 ከተፈተኑት አንዱ ነኝ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ የሆነበት ዓመት ነው፤ እስከ ዛሬ በየቤቱ ልጆችን የሚያስፈራራው ያ ቁጥር ይመስለኛል። እኔን ያስቸገረኝ ግን ፊዚክስ አልነበረም። ከዚያ በፊት ከቤት ውጭ አድሬ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ጣሪያ ሳይ ነጋ።

መምህርት፣ እንቢ ላሉት ወላጆች ይህን ይንገሩልኝ። ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት የትም ልትመደብ ትችላለች። ከቤት ርቃ የምታድርበት የመጀመሪያ ሌሊት ከምታውቃቸው ጓደኞቿ ጋር ቢሆን አይሻልም?

ጠያቂ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስሙ ተቀይሯል፤ ቀኑም ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ሆኗል። ልጆቹ ከእንቅልፍ የሚነሡት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሁለቱ ተናጋሪዎች ተሰርዘዋል፤ ሦስተኛው የርእሰ መምህሩ ወዳጅ ስለሆኑ እሑድ ማታ ግማሽ ሰዓት ተሰጥቷቸዋል። ልጁ ሐኪም ዘንድ ሄዷል፤ ልጅቷ ከእኔ ጋር በየሳምንቱ እየተገናኘች ነው። የተማሪውን መልእክት በስብሰባው ላይ እንዳለ አነበብኩት፤ ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ፈረሙ። ሦስቱ አሁንም እንቢ ብለዋል። የቀሩት አንዲት አያት ናቸው፤ «አብሬ ካደርኩ ትሂድ» አሉ። ከመምህራቱ ጋር አልጋ ይዘንላቸዋል።